ምዕራፍ ሰባት፦ ከግቢው በር እስከ አስፋልቱ

ዲላ ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው የመኪና መግቢያን የሚያስበው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ግድግዳው ቆሞ፣ ቆርቆሮው ተመትቶ፣ አጥሩ ታጥሮ፣ ትልቁ የብረት በር ተተክሎ ካለቀ በኋላ በሩ ወለል ተደርጎ ይከፈታል። መንገዱ ግን ሁለት ሦስት ሜትር ራቅ ብሎ ነው የሚገኘው። በመሃል የጎርፍ መውረጃው ዲች አለ፣ የእግረኛ መንገድ አለ፣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ የቆመው ከርቭስቶን አለ። ባጃጅም ሆነ የቤት መኪና ወይም ቡና የጫነ አይሱዙ ይህን ሁሉ ተሻግሮ ነው የሚገባው።

ለዚህ የተለመደው መላ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ዲቹ ውስጥ ትልልቅ ድንጋይ ይደረደራል፤ በማዳበሪያ ከረጢት የተሞላ አፈር ይጨመርበታል፤ ከከርቭስቶኑ ፊት ደግሞ እስከ አስፋልቱ የሚንሸራተት የሲሚንቶ ልጥፍ ይበጃል። መኪናው ይገባል። ጉዳቱ የሚታየው የበልግ ዝናብ ሲጀምር ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ሠሪው ቤት ሳይሆን ከላይ ባለው ጎረቤት ሳሎን ውስጥ።

በዚህ ምዕራፍ የምንይዘው ሐሳብ አንድ ነው፤ የመኪና መግቢያ ፈቃድ በመሠረቱ የውሃ ፈቃድ ነው። ከማዘጋጃ ቤት የሚመጣው ባለሙያ የሚጠይቀው፣ ግንበኛው የሚለካው፣ ወጪውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። ይህን የጨበጠ አንባቢ ምሕንድስና ባይማርም የራሱን መግቢያ አስቦ ከባለሙያ ጋር በቅጡ መነጋገር ይችላል።

## ያቺ ሦስት ሜትር የማን ናት?

በምዕራፍ ሦስት የይዞታ ካርታ እንዴት እንደሚነበብ ስናይ፣ ካርታው ላይ ያሉት የወሰን ነጥቦች የባለይዞታው መብት ከየት ተነሥቶ የት እንደሚቆም እንደሚያሳዩ ተነጋግረን ነበር። ያ ትምህርት አሁን ሥራ ላይ ይውላል። ካርታውን አውጥቶ የፊት ለፊቱን መስመር የተመለከተ ሰው፣ አጥሩ በትክክል ታጥሮ ከሆነ፣ መስመሩ አጥሩ ላይ ሲያበቃ ያገኘዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቦታ የመንገዱ ነው፤ ሣሩን የተከለው፣ አበባውን ያሳደገው የቤቱ ባለቤት ቢሆንም እንኳ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ መንገዶችን ለሕዝብ አገልግሎት ከተመደቡ ንብረቶች ይቆጥራቸዋል። እንዲህ ያለ ንብረት አይሸጥም፤ ለረጅም ዘመን በእጄ ነበር በማለትም የግል አይሆንም። ደጃፉ ያለውን ዲች ሃያ ዓመት ሙሉ ሲጠርግ የኖረ ሰው ምስጋና ይገባዋል፤ ዲቹን የመድፈን መብት ግን አያገኝም። ፈቃድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የምንሠራው ከግቢያችን ውጭ፣ የሁሉም በሆነ ቦታ ላይ ነው።

ዲላ ላይ ሌላም ጥያቄ ይነሣል፤ መንገዱ የትኛው ነው? ከሐዋሳ መጥቶ ከተማዋን ሰንጥቆ በቡሌ ሆራ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው አስፋልት፣ አዲስ አበባን ከናይሮቢና ከሞምባሳ ጋር የሚያገናኘው መስመር አካል ነው። ይህን የመሰለ ዋና መንገድ በኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ሥር ነው። የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶንና የሰፈር መንገድ ግን የከተማው ጉዳይ ነው። ስለዚህ በሩን በዋናው አስፋልት ላይ የሚከፍት ሰው ገና ከጅምሩ ፈቃዱ ከማን እንደሚሰጥ በጽሑፍ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ቢይዝ ይበጀዋል። አንዱ መሥሪያ ቤት የፈቀደውን ሌላው ሲያፈርሰው ወጪው የሚወድቀው በባለቤቱ ላይ ነው።

## ከርቭስቶን ግድግዳ ነው

ከርቭስቶንን፣ ማለትም የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ፣ ብዙ ሰው የሚያየው እንደ ጌጥ ወይም መኪና ወደ እግረኛ እንዳይወጣ እንደሚከላከል አጥር ነው። ሁለቱንም ያገለግላል። ትልቁ ሥራው ግን ውሃ መያዝ ነው። አስፋልት ሲነጠፍ መሃሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ተደርጎ ነው፤ በአንድ ሜትር ስፋት ሁለት ተኩል ሳንቲ ሜትር ያህል ይዘቀዝቃል። ዓይን ይህን ላያስተውለው ይችላል፤ ውሃ ግን አይስተውም። ዝናቡ ወደ ጠርዙ ይወርዳል፤ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የቆመው ድንጋይ ይቀበለውና ወደ ዲቹ አፍ ይነዳዋል። አስፋልቱ የቦዩ ወለል ነው፤ ከርቭስቶኑ የቦዩ ግድግዳ።

ይህን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው በቡና ወቅት ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ ይውጣና እዚያው አቅራቢያ ኢዲዶ ውስጥ ወዳለ የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ጎራ ይበል። ቀዩ እሸት ተፈልፍሎ፣ ገንዳ ውስጥ ቆይቶ ልጋጉ ከላላ በኋላ፣ ረጅም የሲሚንቶ ቦይ ውስጥ ይለቀቃል። ሠራተኞቹ በእንጨት መግፊያ እየገፉ ያጥቡታል። ቦዩ ላይ በተመረጠ ቦታ ሳንቃ ይጋረዳል፤ ከባዱ ፍሬ ከሳንቃው ኋላ ይቀራል፣ ቀላሉ ተንሳፍፎ ያልፋል። ሳንቃው የት እንደሚገባና ምን ያህል ከፍ እንደሚል የሚወስነው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ከዚያ ሳንቃ በላይም በታችም የሚሆነው ሁሉ በእሱ ይወሰናልና።

አሁን አንድ ሰው መሻገሪያ እንዲሆነው ብሎ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ሌላ ሳንቃ ቦዩ መሃል ቢጥልስ? ከሳንቃው በላይ ያለው ውሃ ያብጣል፤ ከግድግዳው ያልፍና የታጠበውን ቡና መሬት ላይ ይበትናል። ከሳንቃው በታች ያሉት ሠራተኞች በበኩላቸው ውሃ ያጥራቸዋል። ሳንቃውን የጣለው ሰው የቆመበት ቦታ ደረቅ ስለሆነ ምንም የተበላሸ ነገር አይታየውም። ከላይ የሚጮሁት ለምን እንደሚጮሁ እንኳ ላይገባው ይችላል።

ከከርቭስቶኑ ፊት የሚለጠፈው ሲሚንቶ፣ ዲቹ ውስጥ የሚደረደረው ድንጋይ፣ በአፈር የተሞላው ከረጢት ሁሉም ይህ ሳንቃ ናቸው። ውሃው ከሳንቃው በላይ ያብጣል፤ ዳገት ላይ ከሆነ የላይኛው ጎረቤት በር ዘንድ ይወጣል፤ ወይም አስፋልቱን አቋርጦ ማዶ ያለውን ቤት ይጎበኛል። ይህን እንደ ጎረቤት ክፋት የሚቆጥር ብዙ ነው። እኔ እንደማምነው አብዛኛው ሰው ክፋት የለበትም፤ ደረቅ ቦታ ላይ ስለቆመ አይታየውም እንጂ።

የተገላቢጦሹም ስህተት አለ። ከርቭስቶኑን ነቅሎ መጣል የቦዩን ግድግዳ መናድ ነው። ግቢው ከመንገዱ ዝቅ ያለ ከሆነ የመንገዱ ውሃ በሙሉ በተከፈተው ቀዳዳ ይገባል። ስለዚህ ትክክለኛው ሥራ ድንጋዩን ዝቅ ማድረግ እንጂ ማጥፋት አይደለም። እንግሊዞች በዚህ ረገድ የሚከተሉት ልማድ ያስተምራል፤ መኪና በሚሻገርበት ቦታ ጠርዙ ሲወርድ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍታ ይተዉለታል። ጎማ ይህችን ሳይሰማው ይወጣታል፤ በጠርዙ ሥር የሚሄድ ቀጭን ውሃ ግን አልፏት አይገባም። እዚያ ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ማመልከቻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የአውራ ጎዳና ሕጋቸው አንቀጽ 184 ለአካባቢው ምክር ቤት ሥልጣኑን ይሰጠዋል፤ የቤቱ ባለቤት ወጪውን ይከፍላል እንጂ መዶሻ ይዞ ጠርዙን አይሰብርም።

ግቢያቸው ከመንገዱ ዝቅ ላለ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ልበል፤ ዲላ ተዳፋት ላይ ስላለች ከመንገዱ አንድ ወገን ያሉት ቤቶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። መግቢያው ከበሩ ወደ ውስጥ ወዲያው መውረድ የለበትም። በሩ ሥር መጀመሪያ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበልና ከዚያ ይውረድ። ከጉብታው ውስጥ በኩል በብረት ፍርግርግ የተከደነ ጠባብ ቦይ ቢኖር፣ ያመለጠውን ውሃ ወደ ጎን ይወስደዋል።

## የአንድ ዝናብ ሒሳብ

በምዕራፍ አምስት አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ እንደሚሆን አይተናል። ያቺን ሒሳብ ወደ ሰፈር እናውጣት። አንድ ብርቱ ዝናብ 30 ሚሊ ሜትር ያወርዳል እንበል። ጣሪያው 100 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት 3,000 ሊትር ይቀበላል፤ ይህ ባለ 200 ሊትር በርሜል 15 ጊዜ ይሞላል። 200 ሜትር ርዝመት ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ሃያ እንዲህ ያለ ቤት ቢኖር 60,000 ሊትር ሆነ። መንገዱ ራሱ 8 ሜትር ስፋት ካለው 48,000 ሊትር ይጨምራል። ድምሩ 108,000 ሊትር፣ ማለትም 540 በርሜል ነው። ግቢው የሲሚንቶ ከሆነ ደግሞ የግቢውም ይታከላል። ይህ ሁሉ ቁልቁል ተጉዞ በታችኛው ቤት ደጃፍ ባለው ዲች ውስጥ ማለፍ አለበት።

ውሃው ለምን እንዲህ በዛ ለሚል መልሱ ከከተማው ወጣ ሲባል ይታያል። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እንሰትን፣ ቡናንና አገር በቀል ዛፎችን አንዱን ከአንዱ ሥር አድርጎ ያሳደገ የእርሻ ሥርዓት ነው። ዝናቡ መጀመሪያ የዛፉን ቅጠል ያገኛል፤ ከዚያ የቡናውን፣ ከዚያ የእንሰቱን ሰፊ ቅጠል፤ መሬት ሲደርስ ደግሞ የረገፈ ቅጠል ይጠብቀዋል። ቀጥ ያለ ተዳፋት ላይ እንኳ ብዙው ይሰርጋል። ከተማ ውስጥ ቆርቆሮና አስፋልት ምንም አያስቀሩም። ወደ ቡሌ ወረዳ ከሚወጣው ምሥራቃዊ ደጋ ጀምሮ መሬቱ በዲላ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ አቅጣጫ ስለሚያዘቀዝቅ፣ ያልሰረገው ሁሉ መንገድ ይፈልጋል። ያ መንገድ ዲቹ ነው። ዲቹን ስንነካ የምንነካው የሃያውን ቤት ጣሪያ ነው።

## ቱቦ ወይስ ሶሌታ?

ዲች ለመሻገር ሰዎች የሚመርጡት ሁለት መንገድ ነው። አንዱ ዲቹ ውስጥ ቱቦ አጋድሞ በላዩ አፈርና ጠጠር መሙላት ነው። ሁለተኛው ዲቹን እንዳለ ትቶ በላዩ ሶሌታ፣ ማለትም ብረት ያለበት የኮንክሪት ንጣፍ፣ መጣል ነው።

ቱቦው ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን ውሃ በቱቦ ውስጥ ሲያልፍ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይሆናል። የቱቦውን የአፍ ስፋት በግማሽ ብንቀንሰው የሚያሳልፈው ውሃ በግማሽ የሚቀንስ ይመስለናል፤ ግን ተዳፋቱ ያው ሆኖ ሳለ ከስድስት እጅ አንዱ ያህል ብቻ ይቀራል። ምክንያቱ ሁለት ነው። መጀመሪያ የአፉ ስፋት በግማሽ ሲቀንስ የቀዳዳው ይዘት ወደ ሩብ ይወርዳል። በዚያ ላይ የጠበበ ቱቦ ውስጥ አብዛኛው ውሃ ከግድግዳው ጋር እየተሻሸ ስለሚሄድ ፍጥነቱ ይቀንሳል። 60 ሳንቲ ሜትር የሚፈልግ ዲች ውስጥ ባለ 30 ቱቦ የቀበረ ሰው መንገዱን ከሞላ ጎደል ዘግቶታል። የቀረውን ደግሞ ፌስታልና ሃይላንድ ይጨርሰዋል፤ ዲቹ ክፍት ሲሆን አካፋ የሚያወጣው ቆሻሻ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ከተሰነቀረ እጅ አይደርስበትም።

ሶሌታው ግን የዲቹን ሆድ አይነካም። ውሃው ትናንት ባለፈበት ስፋት ዛሬም ያልፋል። ለዚህ ነው እኔ፣ ዲቹ በጣም ሰፊ ካልሆነ በቀር፣ ሶሌታን ያለ ማመንታት የምመርጠው።

ሶሌታ ሲሠራ ባለቤቱ ሊያውቃቸው የሚገቡ ሁለት ሦስት ነገሮች አሉ። ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ ሲስቡት ግን ደካማ። መኪና ሶሌታው ላይ ሲወጣ ሶሌታው በትንሹ ይጎብጣል፤ ላዩ ይጨመቃል፣ ታቹ ይሳባል። ስለዚህ ብረቱ መቀመጥ ያለበት ከታች በኩል ነው፤ ዋናዎቹም ፌሮዎች ዲቹን አቋርጠው ይተኛሉ እንጂ ከዲቹ ጋር አብረው አይሄዱም። ብረቱን በስህተት መሃል ወይም ላይ ያስቀመጠ ሠራተኛ ብረቱን አባክኗል። ሆኖም ፌሮው ካሳፎርማውን፣ ማለትም ኮንክሪቱ የሚፈስበትን የእንጨት ቅርጽ፣ ነክቶ እንዳይቀር ከታቹ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተውለታል፤ አለዚያ እርጥበቱ ያዝገዋል።

ሌላው የሶሌታው መቀመጫ ነው። የዲቹ የድንጋይ ግንብ የተሠራው ጎኑ ያለውን አፈር ለመያዝ እንጂ አይሱዙ ለመሸከም አይደለም። ግንቡ ያረጀ ወይም በጭቃ የተገነባ ከሆነ ሶሌታው በግራና ቀኝ የራሱ የኮንክሪት መቀመጫ ያስፈልገዋል። በዚህ አገር ግቢ ውስጥ የቤት መኪና ብቻ የሚገባ የሚመስለው ሰው እንኳ አሸዋ ሲያስመጣ፣ ውሃ በቦቴ ሲያስቀዳ፣ ቡና ሲያስጭን ከባድ መኪና መግባቱ ስለማይቀር፣ ስሌቱ ገና ከመነሻው ለዚያ ይሁን።

## ማዘጋጃ ቤት ሲኬድ

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በከተሞቻችን የፕላን ስምምነትን፣ የግንባታ ፈቃድንና የሕንፃ ሹምን አስለምዷል። የፕላን ስምምነት ማለት ልሠራው ያሰብሁት ነገር ከከተማው ፕላን ጋር አይጋጭም ወይ የሚለው ጥያቄ መልስ ነው። የግንባታ ፈቃድ ዝርዝር ንድፉ ታይቶ ጀምር የሚባልበት ነው። የሕንፃ ሹም ደግሞ ይህን የሚመረምረው ኃላፊ።

አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው እድለኛ ነው፤ መግቢያውን ገና በሳይት ፕላኑ ላይ ማሳየት ይችላል። የግቢው በር የት ይሁን የሚለው ጥያቄ ወረቀት ላይ ሳለ አንድ መስመር ከማጥፋት ያለፈ ዋጋ የለውም። የመብራት ምሰሶ ፊት ለፊት ካለ በሩ ሁለት ሜትር ይገፋል። መንገዱ ዳር የፍሳሽ ማስገቢያ አፍ ካለ በሩ ይሸሸዋል። መታጠፊያ ጥግ ላይ ከሆነ ከጥጉ ይርቃል፤ ከግቢ የሚወጣ ሾፌርና ከመታጠፊያው የሚመጣ ባጃጅ አስቀድመው እንዲተያዩ።

ቤቱ ተሠርቶ ካለቀ ግን መንገዱ ማመልከቻ ነው። ማመልከቻው ላይ መኪና ማስገቢያ ይፈቀድልኝ ብሎ ብቻ መጻፍ ባለሙያውን ምንም አይነግረውም። ከይዞታ ካርታው ኮፒ ጋር በእጅ የተሣለ ቢሆንም ልክ ያለበት ንድፍ ይያያዝ። የበሩ ስፋት፣ የዲቹ ስፋትና ጥልቀት፣ የእግረኛው መንገድ ስፋት፣ የበሩ ደፍ ከአስፋልቱ ጠርዝ ስንት ሳንቲ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል፣ ምሰሶና የውሃ መስመር የት እንዳሉ ይጻፍበት። ከሁሉ በላይ ውሃው በየት እንደሚያልፍ የሚያሳይ ቀስት ይሣልበት። በእኔ አስተያየት ያ ቀስት ከሌላው ወረቀት ሁሉ ይበልጣል፤ ባለሙያው የሚመጣው እሱን ለማየት ነውና።

አዲስ አበባ ውስጥ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞችም ዘልቋል። እንዲህ ባለ ሥራ በታደሰ ጎዳና ላይ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። እግረኛው ከሚረግጠው ንጣፍ ሥር የመብራትና የቴሌ መስመር ሊኖር ይችላል፤ በግል የተቀጠረ ሠራተኛ ዶማ ሲያሳርፍ ሰፈሩ ሁሉ ሊጨልም ይችላል። በኮብልስቶን መንገድ ነገሩ ይቀላል። ድንጋዮቹ ተነቅለው፣ ሥራው ሲያልቅ እነዚያው ራሳቸው መልሰው ይነጠፋሉ፤ ዋናው ነገር ከሥሩ ያለው ሰሌክት፣ ማለትም የተመረጠ ሙሊት አፈር፣ በደንብ መጠቅጠቁ ነው፤ አለዚያ በአንድ ክረምት ይሰምጣል።

የተፈቀደው ነገር በቃል አይያዝ። ስፋቱ፣ የሶሌታው ውፍረት፣ የዲቹ ይዘት እንደማይነካ የሚገልጸው ቃል ደብዳቤው ላይ ይኑር፤ ለተከፈለ ሁሉ ደረሰኝ ይኑር። ባለሙያ ሲቀየር፣ መንገዱ ሲታደስ፣ ጎረቤት ሲከስ ሰውን የሚያድነው ያ ፋይል ነው።

## ስንት ያስወጣል?

የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በወራት ውስጥ ስለሚለዋወጥ የብር ቁጥር ብጽፍ መጽሐፉ ታትሞ ሳይደርስ ያረጃል። መጠኑ ግን አይለወጥም። ስለዚህ መጠኑን ልስጥ፤ ዋጋውን አንባቢው የሰፈሩን ሱቅ ጠይቆ ያባዛው።

ዲቹ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው እንበል። ሶሌታው በየጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር እንዲቀመጥ 1.2 ሜትር ይሆናል። የመኪናው መግቢያ 4 ሜትር፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ኮንክሪቱ 0.96 ሜትር ኩብ፣ ማለትም አንድ ሜትር ኩብ ገደማ ነው። አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር ሆኖ ሲቦካ ሦስት ኩንታል ተኩል ያህል ሲሚንቶ፣ ግማሽ ሜትር ኩብ አሸዋ፣ ሦስት አራተኛ ሜትር ኩብ ጠጠር ይፈልጋል። ባለ 12 ፌሮ ዲቹን አቋርጦ በየ15 ሳንቲ ሜትሩ፣ በርዝመቱ ደግሞ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ቢታሰር፣ ብክነቱን ጨምሮ ስድስት በርጋ ይበቃል፤ አንዱ በርጋ 12 ሜትር ሆኖ። ይህ ለግምት እንጂ ለግንባታ አይደለም፤ ከባድ መኪና የሚገባበት ከሆነ ውፍረቱንና ብረቱን መሐንዲስ ያስላው። የካሳፎርማ እንጨት፣ የፌራዮ፣ የግንበኛና የቀን ሠራተኛ ክፍያ ይጨመርበታል።

በዚህ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ የአገልግሎት ክፍያ አለ። ከቁሳቁሱ አንጻር ሲታይ ሰውን የሚያስደነግጠው ብዙ ጊዜ እሱ አይደለም። የሚያስደነግጠው ያልታሰበው ነው። ምሰሶ ይዛወርልኝ ያለ ሰው የማዛወሪያውን ወጪ ራሱ ይከፍላል፤ ያ ደግሞ ከሶሌታው ሊበልጥ ይችላል። የውሃ መስመር ዝቅ ማድረግ ካስፈለገም እንዲሁ። የተሰበረ የእግረኛ ንጣፍ ወደ ነበረበት መመለስም የሠሪው ዕዳ ነው። ስለዚህ ከሁሉ ርካሹ መፍትሔ ብዙ ጊዜ በሩን ማዛወር ነው፤ የግቢ በር ከምሰሶ ይልቅ በቀላሉ ይነቀላል።

የጎንና የጎን ጎረቤቶች አንድ መግቢያ በጋራ ቢሠሩስ? በጠባብ ይዞታዎች ይህ ከምናስበው በላይ ያዋጣል። ሁለት ባለ 4 ሜትር ሶሌታ ከመሥራት አንድ ባለ 5 ሜትር ሠርቶ በሮቹን አጠገብ ለአጠገብ ማድረግ ሲሚንቶና ብረት ያተርፋል፤ ለዲቹም ክፍት የሚሆንለት ርዝመት ይበዛል። በገጠሩ ጌዴኦ ጎረቤቶችን የሚያጋጭ ጉዳይ በሶንጎ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ሁሉ እየሰማ ይታያል። በከተማም ስምምነቱ ምስክር ባለበት ተጽፎ ቢያዝ፣ አንዱ ቤቱን ሲሸጥ ገዢው ምን እንደተረከበ ያውቃል።

## የእግረኛው ድርሻ

የበሩ ደፍ ከአስፋልቱ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ ብዙ ሰው ያን ልዩነት የሚያስታርቀው እግረኛው መንገድ ላይ ነው፤ ከበሩ እስከ አስፋልት አንድ ዳገት ይሠራል። ያኔ እግረኛው፣ በተለይ አረጋዊት፣ ዓይነ ስውር፣ ወይም ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያለ ሰው፣ በየቤቱ ደጃፍ ወደ ጎን የተጋደመ መሬት ላይ ይጓዛል፤ ወይም ትቶት አስፋልት ውስጥ ይገባል። ዳገቱ መሠራት ያለበት ከበሩ ወደ ውስጥ፣ ግቢ ውስጥ ነው። እግረኛው የሚያልፍበት ቢያንስ የ1.2 ሜትር ስፋት ሜዳ ሆኖ ይቅር።

የተቀነሰ ጠርዝ ለመኪና ብቻ የተፈለሰፈ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በካላማዙ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ፣ በበርክሌይ ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጠርዙ የተቀነሰው ለአካል ጉዳተኞች ነበር፤ ጋሪ የሚገፋውም፣ ልጅ በጋሪ የምትገፋውም ተጠቀሙበት። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት የተመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ለተሽከርካሪ ወንበር በሰፊው የሚታወቀው ልክ አንድ ሜትር ለመውጣት 12 ሜትር መጓዝ ነው፤ 10 ሳንቲ ሜትር ለመውጣት 1.2 ሜትር ማለት ነው።

## ሥራው መቼ ይሠራ፣ ካለቀስ በኋላ?

ጌዴኦ ላይ ለዚህ ሥራ አመቺው ጊዜ የቡናው ገንዘብ እጅ የሚገባበትና ዝናቡ ገና ያልጀመረበት ነው፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት። ዲቹ ደረቅ ስለሚሆን ልኬቱም ካሳፎርማውም ይቀላል። ፀሐዩ ግን ኮንክሪቱን ቶሎ እንዳያደርቀው ቢያንስ ሰባት ቀን ጠዋት ማታ ውሃ መጠጣት አለበት፤ በጆንያ ሸፍኖ ጆንያውን ማራስ ይበልጥ ያግዛል። ሙሉ ጉልበቱ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ከዚያ በፊት ባጃጅ ቢያልፍ ብዙም አይጎዳው ይሆናል፤ የተጫነ አይሱዙ ግን ይጠብቅ።

ሶሌታው የባለቤቱ ገንዘብ ይሁን እንጂ ያረፈው የሕዝብ ቦታ ላይ ነው፤ ሱቅ አይሠራበትም፣ መኪና ቆሞበት አያድርም። ሲሠራም ባለ 4 ሜትሩን አንድ ወጥ አድርጎ ከመጣል በየ50 ሳንቲ ሜትሩ ተቆራርጦ፣ በየቁራጩ ሁለት የብረት እጀታ ተቀብሮበት ቢዘጋጅ ይሻላል፤ ዲቹን ለመጥረግ ሲፈለግ ይነሣልና። ቁራጩ እያንዳንዱ 300 ኪሎ ስለሚጠጋ ስድስት ሰባት ሰው በዲጂኖ አግዞ ያነሣዋል። ከሥሩ የተከማቸው ደለል ተጠርጎ ወጥቶ ክዳኑ ተመልሶ መቀመጥ ያለበት መጋቢት ከመግባቱ በፊት ነው። የወጣው ደለል ደግሞ ዲቹ ዳር አይከመርም፤ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ይገባልና በጋሪ ተጭኖ ይራቅ።